ግራ ቀኙ የሚቻቻሉት በማን ገንዘብ ነው?

በፍርድ ቤቶቻችን ውሳኔ ግርጌ የምትገኝ አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር አለች። ዳኛው ክርክሩን ከሰሙ፣ ማስረጃውን ከመረመሩና ፍርዱን ከሰጡ በኋላ፣ መዝገቡ ተዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት ከመመለሱ በፊት፣ «ግራ ቀኙ ወጪና ኪሣራቸውን ይቻቻሉ» ተብሎ ይጻፋል። ሲሰሙት የዕርቅ ቃል ይመስላል፤ ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ተጣልተው፣ ሁለቱም ጥቂት ጥቂት አጥፍተው፣ ሽማግሌ «በሉ ተቻቻሉ» ያላቸው ያህል ነው። በጎረቤታሞች መካከል ከሆነ እኛም አንቃወመውም። የምንቃወመው ይህችው ዐረፍተ ነገር፣ አንድ ዜጋ በመንግሥት መሥሪያ ቤት እጅ ያለ ሰነድ ይሰጠኝ ብሎ ከስሶ፣ ተከራክሮና ረትቶ ባገኘው ውሳኔ ግርጌ ስትጻፍ ነው። እዚያ ላይ መቻቻል የሚባል ነገር የለም። አንደኛው ወገን ከኪሱ ይከፍላል፤ ሁለተኛው ወገንም ከዚያው ሰው ኪስ በግብር ከተሰበሰበው ይከፍላል።

ነገሩ ከግቢያችን የራቀ መስሎ የሚታያቸው ይኖሩ ይሆናል። ተማሪን ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር በሰነድ ምክንያት ፍርድ ቤት ምን ያገናኘዋል? ይሉናል። የመመረቂያ ጽሑፍ የጻፈ ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። ከትምህርት ክፍሉ የተጻፈ፣ ማኅተም ያረፈበት የትብብር ደብዳቤ ይዞ በአንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ያልቆመ ማን ነው? «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብለናል። «ደብዳቤው ገና አልተመራልንም» ተብለናል። «ይህ ለውጭ ሰው አይሰጥም» ተብለናል። ብዙዎቻችንም ርእሳችንን ለውጠናል። መምህሮቻችን «መረጃው የሚገኝ ርእስ ምረጡ» ብለው ይመክሩናል፤ ምክሩ የአሳቢ አባት ምክር ነው፤ ትርጕሙን ግን እናስተውለው። በዚህ አገር ምን እንደሚጠናና ምን ሳይጠና እንደሚቀር የሚወስነው የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ የያዘው ሰው ነው ማለት ነው።

የእኛ ጉዳት ግን ከሁሉ የቀለለው ነው፤ ርእስ ለውጠን እንመረቃለን። ርእሱን መለወጥ የማይችል ሰው አለ። መሬቱ ለመንገድ ወይም ለሕንፃ ተወስዶበት የካሣው ግምት በምን ስሌት እንደተሠራ ቃለ ጉባኤውን ለማየት የሚመላለስ ገበሬ አለ። በጨረታ ተሸንፎ የውጤቱን ሰንጠረዥ የተከለከለ ነጋዴ አለ። ለጤና ጣቢያው የተመደበው የመድኃኒት በጀት የት እንደ ደረሰ የሚጠይቅ ወላጅ አለ። እነዚህ ሰዎች የሚሹት ምሥጢር አይደለም፤ በስማቸው የተሠራውን ሥራ ወረቀት ነው።

ሕጉ ከማን ወገን ነው? ብለን ብንጠይቅ፣ ሕጉስ ከጠያቂው ወገን ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ በአንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘትን ዕድል ከሐሳብና ከፕሬስ ነጻነት ጋር አያይዞ ያስቀምጣል፤ በአንቀጽ 37 ደግሞ ማንኛውም ሰው ጉዳዩን ለፍርድ የማቅረብ መብት እንዳለው ይናገራል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት ዐዋጅ ቁጥር 590/2000 ሲወጣም ለጠያቂው መንገድ ጠርጓል፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ፣ ያልረካ ሰው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት አቤት እንዲል። አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። ተረቱን ሕጉ ሽሮታል። ወጪው ግን መልሶ አቁሞታል።

እንባ ጠባቂው አቤቱታ ለመስማት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ባለሥልጣኑ «አልሰጥም» ብሎ ከጸና፣ የመጨረሻው በር የፍርድ ቤት በር ነው፤ ያ በር ደግሞ በነጻ አይከፈትም። እንግዲህ ያን ገበሬ በሐሳባችን እንከተለው። ከወረዳው ወደ ከተማ በአውቶቡስ ይመጣል፤ አልጋ ይይዛል። በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ለተቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ይከፍላል። ማስረጃውን ፎቶ ኮፒ ያስነሣል፤ ቴምብር ይገዛል። መጥሪያ ያደርሳል። ቀጠሮው ሲደርስ የመሥሪያ ቤቱ ሰው «መልሳችንን አላዘጋጀንም» ይላል፤ ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል። ገበሬው ይመለሳል። ደግሞ ይመጣል። መከሩን ትቶ የመጣበትን ቀን ማንም አይቈጥርለትም። ጠበቃ ካቆመ ደግሞ ይህ ሁሉ ተደምሮ ከጠበቃው ክፍያ አጠገብ ሲቀመጥ ኢምንት ይሆናል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ችግረኛ ሰው በደኻ ደንብ እንዲከስ መፍቀዱን የሚያስታውሱን የሕግ ተማሪዎች አሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ ተጽፏል። ነገር ግን የደኻ ደንብ የዳኝነቱን ገንዘብ ያስቀራል እንጂ ጠበቃ አያቆምም፤ የአውቶቡስ ቲኬትም አይቈርጥም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል፤ የሰነድ ክርክር ከሌላው ክርክር ሁሉ የሚለይበት ነገር አለውና። በመሬት ክርክር የረታ መሬቱን ያርሳል። በብድር ክርክር የረታ ገንዘቡን ከነወለዱ ይቀበላል፤ ለጠበቃውም ከተቀበለው ላይ ቈርሶ ይሰጣል። ጠበቃውም ይህን ስለሚያውቅ፣ ባለጉዳዩ ዛሬ እጁ ላይ ገንዘብ ባይኖረውም፣ ነገ ከሚገኘው እከፈላለሁ ብሎ ጉዳዩን ሊይዝ ይችላል። በሰነድ ክርክር የረታስ ምን ያገኛል? ወረቀት ያገኛል። ወረቀቱ አይታረስም፤ ገበያ ወጥቶም አይሸጥም፤ «ከመቶ ዐሥር» ተብሎ ለጠበቃ አይካፈልም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ወረቀቱ የሌላ ሙግት መጀመሪያ ነው፤ ገበሬው ቃለ ጉባኤውን ካየ በኋላ ነው ካሣው በትክክል መገመቱን ወይም አለመገመቱን የሚያውቀው። ስለዚህ በሌላው ክርክር ወጪና ኪሣራ የፍርዱ ቅጥያ ሊሆን ይችላል፤ በሰነድ ክርክር ግን ወጪና ኪሣራ ራሱ ፍርዱ ነው። ረቺውን «ወጪህን ቻል» ማለት፣ «መብት አለህ፤ ዋጋው ግን ይህን ያህል ነው» ማለት ነው።

ደግሞም ወረቀቱ አንድ ጊዜ ከመዝገብ ቤት ከወጣ በኋላ የከሳሹ ብቻ አይሆንም። አንድ ገበሬ ያስወጣው የካሣ ስሌት በዚያው ቀበሌ መሬታቸው ለተወሰደባቸው ሁሉ ይጠቅማል። አንድ ጋዜጠኛ ያስወጣው የበጀት ሰነድ በአገሩ ሁሉ ይነበባል። አንዱ ከፍሎ ሁሉ የሚጠቀምበት ነገር ሲሆን፣ ሁሉም ሌላው ሰው እስኪከፍል መጠበቁ አይቀርም። እንዲህ ተጠባብቀን ነው መዝገብ ቤቶቹ ተዘግተው የቀሩት። የፈሪ አገር ሆነን አይደለም፤ ሒሳቡ ስለማያዋጣ ነው።

ከችሎቱ ማዶ የቆመውን ደግሞ እንመልከት። መሥሪያ ቤቱ ነገረ ፈጅ አለው። ነገረ ፈጁ ደመወዝተኛ ነው፤ ጉዳዩ በአንድ ቀጠሮ ቢያልቅም፣ ሦስት ዓመት ቢጓተትም፣ ወሩ ሲሞላ ደመወዙ ያው ነው። የሚጓዝበት መኪና የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ነዳጁም፣ ወረቀቱም፣ ቀለሙም እንደዚሁ። ነገረ ፈጁን አንወቅሰውም፤ ብዙዎቹ ከዚሁ ግቢ የወጡ ታላላቅ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ናቸው፤ የታዘዙትን ይከራከራሉ። የምንወቅሰው «አትስጡ» ብሎ የፈረመውን ኃላፊ ነው። እርሱ ቢረታ ሰነዱ ተደብቆ ይቀርለታል፤ ቢረታበትም የሚያጣው አንዳች ነገር የለም። በመጨረሻ የሚሰጠው ድሮ መስጠት የነበረበትን ወረቀት ነው፤ መዘግየቱንም በትርፍ ያገኘዋል። ብዙ ጊዜ የሚፈለገውም መዘግየቱ ነው፤ ያን ጊዜ ድረስ በጀቱ ይዘጋል፣ ሕንፃው ይቆማል፣ ኃላፊውም ተዛውሮ ይሄዳል።

የጥንቱ ሙግታችን እንኳ ከዚህ ይሻል ነበር እንላለን። በላ ልበልሃ ሲባል ተሟጋቾቹ ማር ወይም በቅሎ ይወራረዱ ነበር፤ የተረታውም ውርርዱን ይከፍላል። ያ ሥርዐት ብዙ ጕድለት ነበረው፤ ባለጠጋው ደኻውን በውርርድ ያስፈራራው ነበርና ይመለስ አንልም። ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች የሚያጡት ነገር ይዘው ነበር የሚቆሙት። ዛሬ በሰነድ ክርክር በቅሎውን ይዞ የሚመጣው አንደኛው ብቻ ነው።

ይህን ጕድለት አይተው ያረሙ አገሮች አሉ። ሩቅ ሳንሄድ ከአህጉራችን ደቡባዊ ጫፍ አንድ ክርክር እንጥቀስ፤ የሕግ ተማሪዎች ሳይሆኑ ሁሉም ሊያውቀው ይገባልና ረዘም አድርገን እንነግረዋለን።

ባዮዋች የሚባል የደቡብ አፍሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት፣ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ከ2000 ጀምሮ፣ ዘራቸው በቤተ ሙከራ የተለወጠ ሰብሎች በአገሪቱ የት የት እንደሚዘሩ፣ ፈቃዱ ለማን እንደተሰጠ፣ አደጋቸውስ እንዴት እንደተመረመረ የሚገልጹ ሰነዶችን ከግብርና መሥሪያ ቤቱ ጠየቀ። (በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ2018 የልውጥ ጥጥ ዘር ስለተፈቀደ፣ ጥያቄው ለጥጥ አምራቾቻችን እንግዳ አይደለም።) ደጋግሞ ጠየቀ፤ በቂ መልስ አጣ፤ ከሰሰ። ሞንሳንቶ የተባለው የዘር ኩባንያም የንግድ ምሥጢሬ ይነካል ብሎ ወደ ክርክሩ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2005 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፈረደ። ድርጅቱ ከጠየቃቸው 11 ዐይነት መረጃዎች 8ቱን ማግኘት ይገባዋል ተባለ። እንግዲህ ረታ።

ወጪና ኪሣራውስ? መንግሥት ለረቺው ምንም እንዳይከፍል ተደረገ። ይህ ብቻ ቢሆን «ይቻቻሉ» ከምንለው ጋር ያው ነው። ዳኛው ግን ጨመሩበት፤ የባዮዋች ጥያቄ በደንብ ስላልተብራራ ኩባንያው ፍርድ ቤት ለመምጣት ተገዷል፤ ስለዚህ ባዮዋች የሞንሳንቶን ወጪ ይክፈል አሉ። ረቺው ድርጅት ከዓለም ትልልቅ የዘር ኩባንያዎች ለአንዱ የጠበቆች ወጪ ባለዕዳ ሆነ! ይግባኝ አለ፤ ሦስት ዳኞች የተቀመጡበት ችሎት ሁለት ለአንድ ሆኖ ይግባኙን ጣለው። ጠቅላይ የይግባኙ ፍርድ ቤትም አልሰማም አለ። ድርጅቱ ሰነዱን ተፈቅዶለት፣ በሰነዱ ዋጋ ሊዘጋ ነበር።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 3 ቀን 2009 የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ያን ሁሉ ሻረው። ፍርዱን የጻፉት አልቢ ሳክስ ናቸው፤ በአፓርታይድ ዘመን በስደት ሳሉ በመኪናቸው ውስጥ በተጠመደ ቦምብ ቀኝ እጃቸውን ያጡት ዳኛ። ሌሎቹ ዳኞችም ሁሉ ተስማሙ። ያቆሙት ሥርዐት ግልጽ ነው፤ አንድ ሰው ሕገ መንግሥታዊ መብቱን ለማስከበር ከመንግሥት ጋር ተሟግቶ ከረታ መንግሥት ወጪውን ይከፍለዋል፤ ከተረታም እያንዳንዱ የራሱን ይችላል። የሰጡት ምክንያትም ሦስት ነው። የወጪ ፍርሃት ሰው መብቱን ከመጠየቅ እንዳያግደው፤ እንዲህ ያለው ክርክር የተሟጋቾቹን ብቻ ሳይሆን የሁሉንም ጥቅም የሚነካ ስለሆነ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሥራውን ከሕገ መንግሥቱ ጋር የማስማማት ቀዳሚው ግዴታ የመንግሥት ስለሆነ። ለነገረኛና ለከንቱ ክስ ግን ይህ ከለላ አይሆንም ብለዋል። የሞንሳንቶን ወጪ እንዲከፍል የተሰጠው ትእዛዝ ተሰረዘ፤ መንግሥት የባዮዋችን ወጪ እንዲከፍል ታዘዘ። ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከዚያ ቀን ድረስ 9 ዓመት ገደማ አልፏል።

«ረቺውን ካስፈለገ ዳኛው ያያሉ፤ ለምን ሥርዐት ይጻፋል?» የሚል ካለ የአሜሪካኖቹን ነገር ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1966 የመረጃ ነጻነት ሕግ አወጡ። ሕጉ ሲሠራ ያየነውን ችግር አዩ፤ ለመክሰስ አቅም ያለው ጥቂት ነው። በ1974፣ ከዎተርጌት ቅሌት በኋላ፣ ረቺው የጠበቃውን ክፍያ ከመንግሥት እንዲያገኝ ሕጉን አሻሻሉ። ፕሬዚዳንት ፎርድ አልፈርምም ቢሉም ምክር ቤቶቹ በድምፅ ብልጫ ሽረው አጸደቁት። ይህም ሆኖ መሥሪያ ቤቶቹ ቀዳዳ አገኙ። በ2001 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሌላ ጉዳይ ላይ፣ የዳኛ ትእዛዝ ያላገኘ ከሳሽ ረቺ አይባልም ብሎ ፈረደ፤ ይህ ትርጕም ለሰነድ ክርክርም ተሠራበት። ከዚያ ወዲያ መሥሪያ ቤቱ ዓመታት ተከራክሮ፣ ፍርድ ሊሰጥ ሲል ሰነዱን አውጥቶ ይሰጥና «ክርክሩ ቀርቷል፤ ረቺ የለም፤ ወጪም የለም» ማለት ቻለ። ብልጠቱን በሕግ የዘጉት በ2007 መጨረሻ ነው፤ ክሱ መሥሪያ ቤቱን አስገድዶ ሰነዱን ካስወጣ ከሳሹ እንደ ረታ ይቈጠራል ተባለ። እንዲህ ያለውን ብልጠት የእኛ ሹማምንት አያውቁትም ብሎ የሚያስብ ካለ፣ ከሹማምንቱ ጋር አልተዋወቀም።

ህንዶች ደግሞ በሌላ በኩል መጡ። እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡት ሕግ ለጥያቄ የሚከፈለውን ለማዕከላዊው መንግሥት መሥሪያ ቤቶች 10 ሩፒ ብቻ አደረገው፤ ከድህነት ወለል በታች ላለ ሰው ጨርሶ አስቀረው። ክርክሩንም በመጀመሪያ ከፍርድ ቤት አውጥቶ ለመረጃ ኮሚሽኖች ሰጠ። ከሁሉ የሚያስደንቀን ግን ይህ ነው፤ ያለ በቂ ምክንያት ሰነድ የከለከለ ወይም ያዘገየ ሹም በቀን 250 ሩፒ፣ እስከ 25 ሺህ ሩፒ ድረስ ይቀጣል፤ የሚከፍለውም ከመሥሪያ ቤቱ ካዝና ሳይሆን ከገዛ ኪሱ ነው።

ይህን ያነሣነው መልስ የሚሻ ተቃውሞ ስላለ ነው። «መሥሪያ ቤቱ ይክፈል ስትሉ ገንዘቡ እኮ የሕዝብ ነው፤ ለትምህርት ቤትና ለሐኪም ቤት የሚውለውን ለጠበቃ ልታውሉት ነውን?» ይሉናል። ሰነዱን ለመደበቅ የሚወጣው ገንዘብስ የማን ነው? የእንግሊዝ መንግሥት የያኔው አልጋ ወራሽ ቻርልስ ለሚኒስትሮች የጻፏቸው ደብዳቤዎች እንዳይታዩ ከአንድ ጋዜጠኛ ጋር ከ2005 እስከ 2015 ዐሥር ዓመት ተሟግቶ ተረታ፤ ያ ሙግት ለመንግሥቱ ጠበቆች በመቶ ሺህዎች የሚቈጠር ፓውንድ አስወጥቷል። ያንን የከፈለው ግብር ከፋዩ ነው፤ ደብዳቤዎቹ የተደበቁትም ከእርሱው ነው። ስለዚህ የሕዝብ ገንዘብ የሚያሳስበው ሰው፣ ወጪው በመጀመሪያው ቀን «አልሰጥም» ከሚለው ቃል መጀመሩን ይወቅ። መሥሪያ ቤቱ ቢረታ እንደሚከፍል ካወቀ ነገረ ፈጁ በመጀመሪያው ሳምንት «ጌታዬ፣ ይህ ሰነድ የሚያስከለክል አይደለም፤ እንስጥ» ይላል። ያን ጊዜ ወጪም አይኖርም። ይህም ካልበቃ፣ በግትርነት የከለከለው ሹም ራሱ ይክፈል፤ ህንዶቹ አድርገውታል፤ መንግሥታቸውም አልፈረሰም።

«ነገረኛው ሁሉ ፍርድ ቤቱን ያጥለቀልቀዋል» የሚለውን ብዙ አንመልስበትም። ዳኞቻችን ነገረኛን ከባለጉዳይ ለመለየት አያንሱም፤ የሚቀበሉት ሥርዐትም ለነገረኛ አይሠራም። የመንግሥት ምሥጢርስ? ለሚሉም፣ ዐዋጁ መሰጠት የሌለባቸውን ሰነዶች ራሱ ለይቶ ዘርዝሯል። ሰነዱ ከነዚያ ወገን ከሆነ መሥሪያ ቤቱ ይረታል፤ ወጪም አይከፍልም።

እንግዲህ የምንለው ምንድን ነው? አዲስ ዐዋጅ እስኪወጣ እንጠብቅ አንልም። የሥነ ሥርዐት ሕጉ አንቀጽ 462፣ ወጪውን ማን እንደሚከፍል፣ ምን ያህልና ከየትኛው ገንዘብ እንደሚከፈል የመወሰን ሙሉ ሥልጣን ለፍርድ ቤቱ ሰጥቷል። ሥልጣኑ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ በዳኞቹ እጅ ነው። በሰነድ ክርክር ዜጋው ሲረታ መሥሪያ ቤቱ ይክፈል፤ በቅን ልቡና ጠይቆ ሲረታ የመሥሪያ ቤቱን ወጪ አይጫንበት፤ ክሱ ከቀረበ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ሰነዱን ቢሰጥ ዜጋው እንደ ረታ ይቈጠር። ይህን ለማለት አንድም ቃል ከሕጉ መለወጥ አያስፈልግም፤ «ይቻቻሉ» የምትለውን ልማድ መተው ብቻ ይበቃል። የመረጃ ነጻነትን ሕግ የሚያረቅቁና የሚያሻሽሉ ሰዎች ደግሞ ይህንኑ በጽሑፍ ያስገቡት፤ ለዳኛው ቸርነት ብቻ የተተወ መብት በየችሎቱ መልኩን ይለውጣልና።

ከሕግ መምህሮቻችንም የምንጠይቀው አለን። የሕግ ትምህርት ቤቶች ለችግረኞች ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡባቸው ማዕከሎች አሏቸው፤ የቀለብ፣ የቤት ኪራይ፣ የሠራተኛ ጉዳይ ይዘው ብዙ ደካማ ሰው ረድተዋል። የሰነድ ክርክርንም ከነዚህ ጎን ያስቀምጡት። ጠበቃ ከትርፍ የማይካፈልበትን ጉዳይ ትምህርት ቤት ካልያዘው ማን ይይዘዋል? ደግሞም ነጻ ድጋፍ የተሰጠበት ጉዳይ ሲሆን «ወጪ አላወጣም» ተብሎ የወጪው ጥያቄ እንዳይታለፍ፣ መምህራኑ ከወዲሁ ያስቡበት፤ የተማሪና የመምህር ድካምም ዋጋ አለው፤ የሚገኘውም ገንዘብ ለሚቀጥለው ባለጉዳይ ይውላል።

ለራሳችን ለተማሪዎች የሚሆን ደግሞ አንድ ተራ የሚመስል፣ ነገር ግን ብዙ ክስ የሚበላሽበት ነገር አለ። ፍርድ ቤቱ ወጪ እንዲከፈል ቢወስን እንኳ፣ በአንቀጽ 463 መሠረት ረቺው ያወጣውን አንድ በአንድ ዘርዝሮ ማቅረብ አለበት፤ «የወጪና ኪሣራ ዝርዝር የማቅረብ መብቱ የተጠበቀ ነው» የሚባለው ይህ ነው። ባለጉዳዩ ግን ብዙውን ጊዜ የአውቶቡሱን ቲኬት ጥሎታል፤ ራፖር ጸሐፊው ደረሰኝ አልሰጠውም፤ የፎቶ ኮፒውን ዋጋ ረስቶታል። መብቱ ተጠብቆለት ዝርዝሩን ሳያቀርብ ይቀራል። ስለዚህ ሰነድ ለመጠየቅ የመጀመሪያዋን ደብዳቤ የሚጽፍ ሁሉ፣ በዚያው ቀን አንድ ደብተር ይክፈት። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ አንዱን ለመዝገብ ቤቱ ሰጥቶ በሌላው ላይ የገቢ ቍጥርና ቀን ያስመታ፤ 30ው ቀን የሚቈጠረው ከዚያ ነው። «ነገ ተመለስ» የተባለበትን ቀንና ያለውን ሰው የሥራ መደብ ይጻፍ። ቃል በቃል የተነገረውን ክልከላ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ በጽሑፍ አንሰጥም ካሉ፣ አንሰጥም ማለታቸውን ራሱ ጽፎ በመዝገብ ቤት ያስገባ። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ሲያጋጥም የከፈለበትን ቀን፣ ቦታና መጠን ያስፍር፤ ምስክር ካለም ስሙን ይያዝ።

የሕግ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ለዚህ የሚሆን የጥያቄ ደብዳቤና የወጪ ዝርዝር ቅጽ አዘጋጅተው በስቴንስል ለማባዛት ተስማምተዋል። ቅጹን የሚፈልግ ከኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ይውሰድ። በመመረቂያ ጽሑፉ ምክንያት ሰነድ ጠይቆ 30 ቀን ያለፈው ተማሪ ደግሞ የደብዳቤውን ቅጂ ይዞ ይምጣ፤ የመጀመሪያውን አቤቱታ ለእንባ ጠባቂው አብረን እንጽፋለን።